ቆጥ ላይ የቀረው ድምፅ

ወንድሜ ዲበኩሉ፣

እንዴት ነህ? ሰውነትህስ? በክረምቱ ያመላለሰህ ወባ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ጥሩስ እንዴት ናት? ልጅህ ጌድዮን አደገ? የጁባ ሙቀት ለሕፃን ይከብዳል ሲሉ ስለምሰማ ነው የምጠይቅህ። እኔና ልጄ ትህትና በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ስትደውል፣ «እትዬ፣ ለቀብሯ እንኳ አልደረስኩም፤ ትህትና የቀዳችውን የእማዬን ድምፅ ላኪልኝ» አልከኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። እውነቱን በስልክ ልነግርህ አልደፈርኩም። ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ በለቀምኩት ፊደል ይኸው እጽፍልሃለሁ። ወንድሜ፣ ድምፁ የለም።

ባለፈው ዓመት በትህትና ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ትንሽ ላፕቶፕ ታደለ። ቤት ይዘውት ይመጣሉ፤ ያነቡበታል፣ ይጽፉበታል፣ ድምፅም ይቀዱበታል። መምህር አብደታ ወላጆችን ሰብስቦ፣ «አደራ፣ ከውሃና ከእርጥበት ጠብቁልኝ» አለን። እማዬ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ያን ቃል እንደ ንስሐ አባት ትእዛዝ ያዘችው። ትህትና ልትከፍተው ስትል፣ «እጅሽን ታጥበሻል?» ትላት ነበር።

እማዬ ለአንተ ድምፅዋን ያስቀዳችው በሰኔ ነው። እንግዳ እንደሚመጣባት ሁሉ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ ተስተካክላ ተቀመጠች። «ዲበኩሉ ልጄ፣ እንደምን ከረምክ?» አለችና ዝም አለች። ትህትና አያቷን እንደ ጎረቤት ልጆች «አኮ» ነው የምትላት። በሳቅ ፍርስ ብላ፣ «አኮ፣ እሱ አይመልስልሽም እኮ፤ ቀጥዪ!» አለቻት። እማዬ ተቆጣች። «ሰላም ብዬው ሳይመልስልኝ ወሬ ልጀምርበት? እንዲህ ነው ያስተማሩሽ?» አለች። መልስህን የምትሰጥበትን ያህል ጠብቃ ነው የቀጠለችው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ አላባራ አለ። የሁሩሙን ክረምት አትረሳውም፤ አልጋ ሥር ያለ ጫማ ሳይቀር ይሻግታል። እማዬን ሕመሙ ጠንቶባት መቱ ሆስፒታል ልንወስዳት ስንሰናዳ፣ ላፕቶፑን በዚያው ነጠላዋ ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ከዘር በቆሎው አጠገብ ሰቀለችው። ዘራችን በክረምት የማይበሰብሰው እዚያ ነዋ። እኔ አላየኋትም። ሆስፒታል ተኝታ፣ «ስለ ልጅቷ ዕቃ አታስቡ፤ ደረቅ ቦታ ነው» ስትለን ነው የሆነ ቦታ ማስቀመጧን ያወቅሁት። ጎረቤታችን ዬሮሳን ግን ምንም አታውቅም፤ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝብን ብላ ጠዋት ማታ እሳት ስታነድልን ሰነበተች። እማዬ ከመቱ በሕይወት አልተመለሰችም።

ከለቅሶው በኋላ ቆጡ ላይ አግኝተን ስናወርደው ነጠላው በጥላሸት ጠቁሯል፣ ክዳኑ ከሙቀት ተጣሟል። ትህትና ብትጫነው ብትጫነው አልበራም። መምህር አብደታ ፈታቶ አየውና የተቀዳው ሁሉ እንደጠፋ ነገረን። እሱ ግን አልተቆጣንም። «ስለ ውሃ ነገርኳችሁ፤ ስለ ጭስ ግን አልነገርኳችሁም» ብሎ አንገቱን ደፋ። ዬሮሳንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን አታይም።

አሁን ትምህርት ተከፍቷል። ትህትና ከጓደኛዋ ከኦሊ ላፕቶፕ ላይ ተዳብላ ትማራለች። እሱስ ባልከፋ።

የማስታውሰውን ልጻፍልህ። በስምህ የተከለችልህ ቡና ዘንድሮ ማፍራቷን ነገረችህ። «ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ብለህ እንዳትቀር፤ ለእኔ ምን ልታመጣልኝ ነው? ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ና» አለችህ። ሳቅ ብላም፣ «በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ረስተኸው ግንባርህን እንዳትመታ» አለች። በመጨረሻ ወደ ትህትና ዞራ፣ «ሰማኝ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷም፣ «ሰምቶሻል፣ አኮ» አለቻት።

አሁን ያቺ መልስ ልጄን አላስበላም አላስጠጣም ብላታለች። «እማ፣ አኮን ዋሸኋት?» ትለኛለች። ይህን አንብበህ ስትጨርስ፣ እባክህ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፍላት። መጀመሪያ የእማዬን ሰላምታ መልስ፤ ከዚያ መስማትህን ንገራት።

ጥሩን በእኔ ስም እቀፋት። ጌድዮንን ሳትስመው በሞተችው አያቱ ፈንታ ግንባሩን ሳምልኝ። ትህትና እጅ ትነሳሃለች። ዬሮሳንም ከነቤተሰቧ ሰላም ብላሃለች፤ እሷንም በስም ጠርተህ ሰላም በላት፣ ደስ ይላታል። ደብዳቤውን በጋምቤላ በኩል ለሚያልፈው ለነጋዴው ለአብዱልመሊክ ሰጥቼዋለሁ፤ መልሱንም በእሱው ላክ።

እህትህ ሀረገወይን
ሁሩሙ፣ መስከረም 18 ቀን 2003 ዓ.ም.