ባዶ የመጣው መስመር

ጥቅምት 6
የአሥራ አራት እናቶች እንግዴ ልጅና ደም። ስቆርጥ፣ ሳጥብ፣ ስፈጭ ዋልኩ። የምንፈልገው ደቃቅ አርኤንኤዎችን፣ ከጂን የሚቀዱ ትንንሽ መልእክቶችን ነው። ፕሮቲን አይሠሩም፤ ሥራቸው ሌላውን ጂን «ቀስ በል፣ በቃህ» ማለት ነው። አንዳንዶቹ ከእንግዴ ልጅ ውጭ እምብዛም አይገኙም። ከዚያ ወደ እናትየዋ ደም ይገባሉ።

ቤት ስገባ ባሌ «ፊትሽ ገርጥቷል» አለኝ። ድካም ነው አልኩት። ስምንት ሳምንቴ ነው... እንዴት ልንገረው? ከዚህ በፊት ሁለት ጽንስ ወርዶብናል። በሁለተኛው ጊዜ ባሌ ወር ሙሉ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። እርግጠኛ ስሆን እነግረዋለሁ።

ጥቅምት 9
አደረግሁት። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ከክንዴ ደም ቀዳሁ። ቁጥር 15 ብዬ ከሌሎቹ ጋር ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ደንቡ አይፈቅድም። አውቃለሁ።

ጥቅምት 10
በማሽኑ ስክሪን ላይ የሌሎቹ መስመር ሽቅብ ይወጣል። የኔ መሬት ለመሬት። ከእንግዴ ልጁ የመጣ አንድም ነገር የለም... ይሄኛውም ሞቶ ይሆን?

ጥቅምት 11
ባሌ ሾርባ ሠራልኝ። ጨው አብዝቶበታል። ጨርሼ ጠጣሁት። ሆዴን መንካት ፈራሁ።

ጥቅምት 13
እትዬ ጓንት ያዙኝ። የቤተ ሙከራው አንጋፋ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው ጓንት ያላደረገ እጅ ሲያዩ ስለሚቆጡ ነው።

«አሥራ አምስተኛው የማን ነው?»

ብልቃጦቹን መደርደሬን ቀጠልኩ።

«ልጄ፣ ፊትሽን እያየሁት?»

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የኔ ደም ያለበትን ብልቃጥ ከማቀዝቀዣ አወጡት። ክዳኑ አረንጓዴ! ሄፓሪን ያለበት። ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ የማሽኑን ሥራ ግን ያበላሻል። ይህን አዲስ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። በማንኛውም ደም ውስጥ መታየት ያለበትን የማመሳከሪያ መስመር ሳየው እሱም ባዶ ነበር። እኔ ያየሁት የምፈራውን ብቻ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ። «ክፉም ደግም አላነበብሽም።»

«እንደገና ልሥራው?»

«እንዳትሞክሪው። ይሄ ገና ጥናት ነው፤ ልጁ መኖር አለመኖሩን አይነግርሽም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ባልሽን ይዘሽ።»

ጥቅምት 14
ለባሌ ነገርኩት። ካልሲ እያደረገ ነበር። አንዱን እግሩን አድርጎ ቀረ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ብቻሽን?» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 16
ይመታል። የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር ውስጥ ልብ ይመታል። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደኛ አዞረችልን። ባሌ እጄን ጨምቆ አሳመመኝ። ልቀቀኝ አላልኩትም።

ጥር 20
ረገጠኝ። ባሌ ሮጦ መጥቶ እጁን ሆዴ ላይ ሲያስቀምጥ ልጁ ጸጥ። «መደበቅ ከእናቱ ወርሷል» አለ። የሚገባኝ ነው።

ግንቦት 14
ሴት ናት። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። እንግዴ ልጁን ለጥናቱ ሰጠሁ፤ አሁን ግን በወጉ ፈርሜ። እትዬ ጓንት ራሳቸው መጥተው በበረዶ ሣጥን ወሰዱት። ውጤቱን አልጠየቅኋቸውም።

ግንቦት 19
ከቀትር በኋላ ተኝታ ሳለ ትንፋሿ ጠፋብኝ። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ... አለ። ደግሞ ጠፋብኝ። ፍርሃቱን ለራሴ ልይዘው ነበር። ግን ባሌን ጠራሁት።

«ፈርቻለሁ» አልኩት።

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እኔ ከጠዋት ጀምሮ» አለ።