የጾም ሚልፎኒ

ዲላ፣ ታኅሣሥ 9

አማቴ ሊሆኑ ለነበሩት እማማ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ግራው በዚህ ብርድ እንደሚብስበት ስለማውቅ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው። ግቢው፣ ጎረቤቱ፣ ዶሮዎቹ፣ ያ ስሙን ስጠራው የሚኮራብኝ ድመትዎ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል ሥራዬን እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እስቃለሁም ማለቴ ነው። የሚወራውን አይስሙ።

የእጅ ጽሑፌን ሲያዩ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብለው ቀድደው እንዳይጥሉት ከወዲሁ ልንገርዎ። ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም። ቀለበቱን መልሻለሁ፤ ለጥር የታሰበው ሠርግ ፈርሷል፤ ይጠገንልኝ አልልም። የምጽፈው ስለ ጉልበትዎ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኤልቤቴል፣ ያቺ ግቢዎ ውስጥ የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወደምሠራበት ሆቴል መጣች። ሻይ አዘዘችና ሳትጠጣው አቀዘቀዘችው። «እማማ እየሰገዱ ነው» አለችኝ። «ጠዋት ሃያ፣ ማታ ሃያ። አርባ ቀን ነው የተባሉት። ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሡት፤ ሲሪየስ ነው የምልሽ፣ ትናንት እኔ ነኝ ደግፌ ያነሣኋቸው።» በምን ምክንያት እንደሆነ ጠየቅኳት። እያወቅኩ ነው የጠየቅኳት። «ባንቺ መጠጥ ነዋ፤ ጾሜን ፈታሁ ብለው» አለችና ወደ ብርጭቆዋ አቀረቀረች።

እሁድ ዱመርሶ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ጴንጤ መሆኗን ያውቃሉ፤ አማርኛዋም ሴትና ወንድ እንደማይለይ ያውቃሉ፤ አንድ ቀን አብረው ስቀውበታል። በዚያ ቀን ነገር ከእኔ ይልቅ የተናደደችው እሷ ናት። ስምዎ ሲነሣ ፊቷን ታዞር ነበር። የስግደቱን ወሬ ስትሰማ ግን የምትለቅመውን ቡና ትታ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። «ያ ሴትዮ ጉልበት ታሞ፣ ላልጠጣው ወተት ይሰግዳል» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ተምረሻል። ብዕር አለሽ። ዝም ትያለሽ?»

እነሆ ብዕር አነሣሁ።

ወተት አልነበረበትም። ክሬም አልነበረበትም። ቅቤም፣ የዱቄት ወተትም፣ ምንም ከከብት የወጣ ነገር አልነበረበትም። ይህን አንድ ጊዜ በቀለም ጽፌ ማየት ፈልጌ ነው።

ለምን እንደሠራሁት ያስታውሳሉ? በፍልሰታ ፍቺ ማግስት ከልጅዎ ጋር ሦስታችን ኬክ ቤት ገብተን ነበር። እርስዎ ሚልፎኒ አዘዙ። የላይኛውን ቅርፊት በሹካ ሲሰብሩት ክሬሙ በጎን ሲወጣ እንደ ልጅ ሳቁ። «በጾም ሥጋ አይናፍቀኝም፣ ዶሮም አይናፍቀኝም፤ ይሄ ነው የሚፈትነኝ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያው ነበር። እርስዎ ምናልባት ሳያስቡት ነው ያሉት። እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ሆቴል አስተዳደር የተማርኩት፣ ባር ጀርባ አራት ዓመት የቆምኩት፣ ሰው የናፈቀውን ነገር በብርጭቆ ሞልቼ ለመስጠት ነው። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ጾመ ነቢያት ከመያዙ በፊት፣ ለጽዮን ማርያም የማኅበሩ ተራ የእርስዎ መሆኑን ሰማሁ። በጾም የሚጠጣ ሚልፎኒ እሠራልዎታለሁ አልኩ ለራሴ። ቤቴ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። በአቮካዶ ሠራሁት፤ አረንጓዴ ሆኖ ሰላጣ መሰለ። በሙዝ ሠራሁት፤ የሕፃን ምግብ ሆነብኝ። ለካ መልሱ እናቴ ጓሮ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኝ ኖሯል፤ ግሽጣ። ውስጡ ነጭ፣ ወፍራም፣ ጣፋጭ፤ እግዚአብሔር ራሱ ያለ ላም የሠራው ክሬም።

ያን ቀን የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። ከእኔ በኩል ሆኖ እንዴት እንደሚታይ ግን አያውቁም።

ሁለት ጆግ በፎጣ ሸፍኜ፣ ባጃጁ ጉድጓድ ላይ በዘለለ ቁጥር እንደ ሕፃን እያቀፍኳቸው መጣሁ። የንስሐ አባትዎ አባ ተክለብርሃን ባርከው ጠላው ከዞረ በኋላ እኔ ቀዳሁ። ልጅዎ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከቅዳሴ መጣሁ ብሎ፣ ብርጭቆ ያድል ነበር። የግራ አውራ ጣቱ ሰማያዊ መስመር ባለው ጨርቅ ታስሯል። ሴቶቹ ምን ሆነህ ነው ሲሉት «የቤተ ክርስቲያኑ የብረት በር ነከሰኝ» አለ። እትዬ አልጣሽም «የማርያም ደጅማ አይነክስም፤ ባርኮህ ነው» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እርስዎም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ቀመሱ። ዓይንዎን ጨፈኑ። ሦስት ሳምንት የደከምኩት ያን ፊት ለማየት ነበር፤ አየሁት፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም። አባ ተክለብርሃንም ብርጭቋቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጉ። አረቄ እንዳለበት አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። አረቄው ማንንም አላሳሰበም።

እትዬ አልጣሽ ግን አረፋውን በጣታቸው ጠርገው ቀመሱ፤ ደግመው ቀመሱ። «ሃያ ዓመት ወተት ሸጫለሁ። ይሄ ክሬም ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጾም በማያውቅ ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ በእሷ አይፈረድም» አሉ። ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው የተናገሩት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ብርጭቆዎቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የነበረው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ግሽጣ ነው አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩ። «ግሽጣ ደግሞ መቼ ነው አረፋ ያወጣው?» አሉ እትዬ አልጣሽ። እርስዎ ወደ እኔ አላዩም። ወደ ልጅዎ ዞረው «ስትሠራው አይተሃል?» አሉት። የምትፈለገው አንዲት ቃል ነበረች፤ ጎትቼ ላወጣት አልፈለግኩም፤ ራሷ እንድትመጣ ጠበቅኳት።

«እኔ ቅዳሴ ነበርኩ፤ ምን አውቃለሁ» አለ። ጣቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እያጠበቀ።

እማማ፣ ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝን ልንገርዎ? እኔን አልጠየቁኝም። እትዬ አልጣሽን ሰሙ፣ ልጅዎን ጠየቁ፣ አባን አዩ። እኔ ሁለት ክንድ በማትሞላ ርቀት ቆሜ ነበር። ዓይኔን አይተው «ወተት አድርገሽበታል?» ቢሉኝ ኖሮ የሞተውን አባቴን ስም ጠርቼ እምልልዎ ነበር። ሳይጠየቁ መፈረድ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ተማርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረኝ እሱን ብቻ ነበር።

ጆጎቼን ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ሆና ሰደበችን ብለው እትዬ አልጣሽ ለከተማው አውርተዋል። ስድብ አልነበረም። ያልኩት «ከእኔ ሌላ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አለ» ነው። ዛሬም ከዚያ አልጨምርም።

ከዚያ ወዲህ ዳምጠው የሚባል አስተናጋጅ ጓደኛዬ ትሪውን ይዞ ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር «እህቴ፣ ይሄ የጾም ነው የፍስክ?» ይለኛል። «እንዳንተ ምላስ ነው፣ ጾም አይዝም» እለዋለሁ። እሱ ይቀልዳል፤ ደንበኞቹ ግን አይቀልዱም። የጾም ጁስ አዝዘው እኔን ባሩ ጀርባ ሲያዩ «ሌላ ሰው ይሥራልን» ይላሉ። ሐዋሳ ሄደሽ ሥራ ፈልጊ ብለው የመከሩኝም አሉ። አልሄድም። ዲላ የእኔም ከተማ ናት። ይልቅስ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ይህንኑ መጠጥ በሆቴሉ የመጠጥ ዝርዝር ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ስሙም የጾም ሚልፎኒ ነው። ባንኮኒው ላይ ሰው ፊት እሠራዋለሁ። ያላመነ ቆሞ ይይ።

በዚህ ቁጣዬን ጨርሻለሁ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

ይህን ጾም ለምን እንደዚያ አጥብቀው እንደሚይዙት ነግረውኛል። ልጅዎ የተሳፈረበት አይሱዙ የይርጋጨፌ መንገድ ላይ የተገለበጠ ጊዜ፣ «በሕይወት ካወጣሽልኝ ይህን ጾም በአንዲት ጠብታ አላጎድልም» ብለው ለማርያም ተስለዋል። እንግዲህ እትዬ አልጣሽ ያን ቃል ሲናገሩ እርስዎ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። የሰጠችኝን መልሳ ትወስድብኛለች ብለው ነው እንደዚያ ፊትዎ አመድ የመሰለው። ይህ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከገባኝ በኋላ እርስዎን መጥላት አቃተኝ። አልዋሽም፣ በደንብ ሞክሬ ነበር።

ስለዚህ ኤልቤቴል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አምስት ግሽጣና አንድ አናናስ ታመጣልዎታለች። እኔን አይመኑ። በገዛ እጅዎ ይሥሩት።

ግሽጣው በጣት ሲጫኑት እሺ የሚል መሆን አለበት፤ እምቢ ካለ ሁለት ቀን ጤፍ ውስጥ ይቅበሩት። ለሁለት ከፍለው ነጩን በማንኪያ ያውጡ። ከዚያ ጥቁሩን ፍሬ አንድም ሳያስቀሩ ይልቀሙ። ፍሬው ከተፈጨ ይመርራል፣ ሰውም ይጎዳል፤ በዚህ ቀልድ የለም። የሚወጣው በቢላ ጫፍ ነው፤ ያንሸራትታልና ይጠንቀቁ። የጽዮን ማርያም ለት ጠዋት ከእኔ ጋር ሲለቅም የነበረው ሰው ግራ አውራ ጣቱን ቆርጦ፣ ከወጥ ቤት ፎጣዬ ጫፍ ቀድጄ ነው ያሰርኩለት። ፎጣው አሁንም ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ባንድ ጎኑ ሰማያዊው መስመር የለም።

ነጩን በወንፊት እያሹ ያሳልፉትና ወዲያው ግማሽ ሎሚ ይጭመቁበት፤ አለዚያ ይጠቁራል። አናናሱን ፈጭተው ጭማቂውን ያጥልሉ። ሁለቱን ከሁለት ማንኪያ ስኳርና ከአንድ ሲኒ አረቄ ጋር፣ ክዳኑ አጥብቆ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከተው ክንድዎ እስኪዝል ይናጡት። እዚህ ላይ ነው ያ አረፋ የሚመጣው። የአናናስ አረፋ ነው፤ አናናስ ሲናጥ አረፋ ያወጣል፤ ሃያ ዓመት ወተት የሸጠ ሰው ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም። በቀዘቀዘ ብርጭቆ ይቅዱት። ከላይ ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ በስኳር ይነስንሱበት፤ የሚልፎኒው ቅርፊት እሱ ነው። ከዚያ እትዬ አልጣሽን ይጥሯቸው። መጀመሪያ ይጠጡ፤ ይፍረዱ፤ የግሽጣውን ልጣጭ ፊታቸው የሚያስቀምጡት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ባልኖርም ሳቅዎን ከዚህ እሰማዋለሁ።

ሳቅዎ ሲያበቃ ስግደቱን ያቁሙ። ስለትዎ አልጎደለም። በአንዲት ጠብታ አልጎደለም። አባ ተክለብርሃን አይሆንም ካሉ፣ እሳቸው ሁለት ብርጭቆ መጠጣታቸውን ያስታውሷቸውና በቀን ስንት እየሰገዱ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።

ስለ ሠርጉ አያስቡ። ሽማግሌ ተመልሶ ቢመጣ ሻይ አጠጥቼ፣ በር ድረስ ሸኝቼ እመልሰዋለሁ። ከግሽጣና ከወተት ይልቅ ለመለየት የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ከሠርጉ በፊት በመለየቴ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የፍሬው ለቀማ ለብቻ አይገፋም፤ ከአምስት ግሽጣ ሁለት መቶ ያህል ይወጣል። እርስዎ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እግርዎን ዘርግተው ያሳርፉ፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው አግዘኝ ብለው ይጥሩት። ሳያሳዩት የሚያውቅበት ሆኖ ካገኙት፣ እባክዎን አይቆጡት። ጉልበትዎን ብቻ ያሳዩት።

የተሳሉላት ትስማዎ። ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ቤትዎን ከሐሜት ይጠብቅልዎ፣ የገናን ፍቺ በደስታ ያድርስዎ። ያን ቀን ኬክ ቤት ሲገቡ ክሬም የበዛበትን ይምረጡ፤ ስለ እኔም አንድ ጉርሻ ይጉረሱ።

አንድ ቀን «ልጄ» ያሏት