ስለ አማቴ ግራ እጅ

መጋቢት አራት ቀን። አማቴ በኮሚሽን ውሳኔ ድነዋል።

ለተከበሩ አቶ ኤሴንጌልዲ፣ የወረዳችን የአስታማሚዎች ድጎማ ኮሚሽን ሰብሳቢ

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ፈረሶችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከውሳኔዎ ወዲህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ግማሽ አካላቸው ከደነዘዘ ሦስት ዓመት ያለፋቸው አማቴ ቶክቶቡቡም ሳይቀሩ። ሐኪሞች ላቃታቸው ለዚህ ፈውስ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ቃለ ጉባኤው «ታማሚዋ ደህና መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል» ይላል። እውነት ነው። እርስዎ ለምርመራ ቤታችን መጥተው «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» ሲሏቸው፣ «ተመስገን ልጄ፣ እንደ ፈረስ ነኝ! ይልቅ አንተ ከስተሃል፤ ሚስትህ አታበላህም እንዴ?» ነው ያሉት። የአገራችን የናሪን ሴት እንግዳ ፊት አመመኝ እንደማትል መቼም አይጠፋዎትም። እናትዎም ሕመማቸውን ሳይናገሩ ማለፋቸውን ቀብራቸው ላይ ሰምተናል።

፪. «ያለ ድጋፍ ተቀምጠዋል» ተብሏል። ተጋድሜ እንግዳ አልቀበልም ስላሉኝ ከምሰሶው ጋር በሻል አስሬያቸው ነበር። ሻሉ ባለ አበባ ስለሆነ ጌጥ መስሏችሁ ከሆነ፣ ጥፋቱ የሻሉ ነው።

፫. «ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው መርቀዋል።» ቀኙ የእሳቸው ነበር። ግራውን በሰፊው እጅጌ ውስጥ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የአንድ እጅ ምርቃት መንገድ ላይ ያሰናክላል ስለሚባል ለእርስዎ ሳስቼ ነው። «ሹመትህ ይደግ» ሲሉዎት «አሚን» ብለው ፊትዎን አበሱ፤ ለክብር እንግዳ የሚሰጠውን፣ ያረድንልዎን በግ ጭንቅላትም ተቀብለው ሄዱ።

ድጎማው በመቋረጡ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ወተት ማቀነባበሪያው እመለሳለሁ። ባሌ ሩሲያ ነው። ቀን ቀን አማቴን የሚያገላብጥ የለም፤ ጀርባቸው እንደገና ይቆስላል። ደህና ሰው መገላበጥ እንደማያስፈልገው ኮሚሽኑ ስላስተማረኝ ግን ከልብ አመሰግናለሁ።

ላሳዩን ርኅራኄ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ በመንግሥት ዓይን ሥራ ፈት የሆነች ምራት፣
ሳልኪናይ

ማስታወሻ፦ ቀደም ብዬ ያቀረብኩት ይግባኝ ተሰምቶ ሐሙስ ዳግም እንደምትመጡ ተነግሮኛል። አማቴን «እባክዎ፣ ለሐሙስ እንኳ ትንሽ ያቃስቱ» ብዬ ብለምናቸው፣ «እንግዳ ፊት ላቃስት? አንቺ ባለጌ! ሂጂ በግ ፈልጊ!» አሉኝ። ስለዚህ ሲገቡ ሰላምታ አይስጡ፣ ጫማዎን አያውልቁ፣ ሻይ ሲቀርብልዎ ይግፉት። እንግዳነትዎ ከቀረ ምናልባት ሕመማቸውን ያሳዩዎት ይሆናል። ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ለእናንተ የሚታረደውን በግ ከጎረቤት ልበደር መውጣቴ ነው።