ባለቤት ያለው ኮት

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰንብተሃል? ያ የሚያስቸግርህ ጨጓራ ተሻለህ ወይ? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ አለን። እማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔም ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ነኝ። ብደውል ስለማታነሳ ይህን ወረቀት ለአጎታችን ልጅ ለሰዓድ ሰጥቼዋለሁ፤ ወደ ቦሌ ዕቃ ሲያደርስ ያገኝሃል። የምጽፍልህ ልጣላህ ብዬ አይደለም። ጥል ራሱ አቅም ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ደክሞኛል።

ያን ቀን እኔ እንዳየሁት ልንገርህ። አንተ ያየኸው ከእንግዶችህ መሀል ቆመህ ነው።

ኤግዚቢሽን መክፈትህን የሰማነው ከሰው ነው። እማ "ልጄ ደግሶ እኔ ልቀር?" አለች። ለዒድ ያሰፋሁላትን ቀሚስ ለበሰች። ከሲኒማ ራስ ታክሲ ይዘን ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ምን ስለህ ይሆን እያለች ትገምታለች። ልጅ ሆነህ የጨርቅ ካርቶን እየቀደድክ የሶማሌ ተራን ተሸካሚዎች ስትስል ታስታውሳለች። "ሱቃችንን ስሎት ይሆናል፤ ሳይቃጠል በፊት እንደነበረው" አለችኝ።

ገባን። ስዕል የለም፣ ቀለም የለም። ሰፊ ባዶ አዳራሽ፣ መሀሉ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ አንድ ኮት፣ ዙሪያውን ገመድ። የኮቱ ግራ እጅጌ እስከ ክርኑ ተቃጥሏል።

የአባባ ኮት። ሱቁ በእሳት በተያያዘ ቀን የጨርቅ ጣቃ አወጣለሁ ብሎ ተመልሶ ሲገባ ለብሶት የነበረው። እሱ ከሆስፒታል ሳይመለስ ኮቱን ብቻ በፌስታል አድርገው የሰጡን። ሰው ከለቅሶ ሲበተን "ለማስታወሻ ስጡኝ" ብለህ፣ እማ ስማ ያስረከበችህ።

እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ ሳየው ገመዱን ይዤ ቆምኩ። ጥበብ የሚሉት ይህ ይሆን ብዬም አሰብኩ። ጠጋ ብዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፤ "ርዕስ አልባ። ጨርቅና ሽቦ" ይላል። ጨርቅና ሽቦ! ከሥሩ "የአባቴ" ብለህ ብትጽፍ ኖሮ ከማንም በፊት የማጨበጭብልህ እኔ ነበርኩ።

ያቺ ሃያሲ፣ ኢየሩስ የምትሏት፣ እንግዶቹን ሰብስባ ታስረዳለች። ኮቱ የማንም አይደለም አለች። ውበቱ ባለቤት አልባ መሆኑ ነው አለች። "መታጣት ራሱ መገኘት ሲሆን" ምናምን አለች። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንዳልገባቸው ከዐይናቸው ያስታውቃል፤ አልገባኝም ለማለት ግን የደፈረ የለም። እኛ ሰፈር ኮት ሰቅሎ እንዲህ ሲያወራ የሚውል ሰልባጅ ነጋዴ ነው፤ እሱ እንኳ ለብሰህ እንድትሞክረው ይፈቅዳል።

እማ ከዚያ ሁሉ ንግግር "ባለቤት አልባ" የምትለዋን ሰማች። "ኧረ ባለቤት አለው! የባህረዲን ነው!" አለች፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ገመዱን አንስታ አለፈች። አንገትጌውን አቃናች። ትከሻውን በመዳፏ አራገፈች። የተረፈችውን አንዲት ቁልፍ ቆለፈች፤ ጠዋት ጠዋት አባባ ሱቅ ሲወጣ በር ላይ ታደርግለት እንደነበረው። ጥበቃው እየጮኸ መጥቶ ክንዷን ያዘ።

ኢየሩስ ወደ አንተ ዞራ "የሥራህ አካል ናቸው እንዴ?" አለችህ። እማም ዞራ አየችህ። እኔም አየሁህ።

ፈገግ ብለህ በአዎንታ ራስህን ነቀነቅክ።

አጨበጨቡ። ስልካቸውን አውጥተው ቀረጿት። እማ ጭብጨባው መሀል፣ የእጇ ጥላሸት የዒድ ቀሚሷን እንዳይነካ ሁለት መዳፏን ከፍ አድርጋ ቆማ ነበር። ይዣት ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ስለ አንተ የተናገረችው አንድ ቃል ነው። "ከስቷል" አለች።

በኋላ ሰዓድ፣ ኢየሩስ የጻፈችውን ከስልኩ አነበበልኝ። አርቲስቱ አንዲት ስም የለሽ አሮጊት አስገብቶ ሐዘንን ራሱን ጥያቄ ውስጥ ከተተው ትላለች። ስም የለሽ! ድፍን ሶማሌ ተራ በስሟ የሚጠራትን ሴት! ጠጋ ብላ "እናቴ፣ ማን ልበል?" ብትላት ኖሮ ይህን ሁሉ ቃል ባላባከነች። ግን እሷ ላይም አልፈርድም፤ ያሳየሃትን ነው ያደነቀችው።

ኮቱን መልስ አልልህም። ለሌላ ኤግዚቢሽን ባሕር ማዶ ተልኳል ሲሉ ሰምቻለሁ። የሥራህንም ነገር ለሚያውቁት ትቼዋለሁ። ምናልባት ዐዋቂ ነህ፤ ምናልባት እኔ አልገባኝም። ይህን ለመከራከርም አቅሙ የለኝም።

የምለምንህ ሌላ ነው። እማ ስለዚያ ቀን ለጎረቤት ስታወራ "ልጄ እኮ አላየኝም፤ መብራቱ ደብዛዛ ነበር፣ ሰውም በዝቶበታል" ትላለች። እነ ጠሂራም "አዎ፣ እንደዚያ ያለ ቦታ መብራት ይቀንሳሉ" እያሉ ያግዟታል። ትናንት ምሳ እየበላን ድንገት ቀና ብላ "ደብዛዛ ነበር አይደል?" አለችኝ። "በጣም እንጂ፤ እኔስ አጠገብሽ ሆኜ መች አየሁሽ" አልኳት። ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

የዚያን አዳራሽ መብራት አንተም እኔም እናውቀዋለን። የመጣህ ቀን ትጠይቅህ ይሆናል፤ መልስህ ከእኔ መልስ ጋር ይግጠም። ብዙ አትናገር። ጎንበስ በልና ጉልበቷን ሳማት፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ብላ።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ። እጅህን ይባርክልህ። ዐይንህንም ይጠብቅልህ።

እህትህ