የሰሜን ኮከብን ያየችልኝ ሴት

ውድ እትዬ ሸምሳ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ደኅና መሆኔን እወቂልኝ። ሕንድ አገር፣ ቃሊቁጥ ወደብ ከገባን አምስተኛ ቀናችን ነው። ሩዙም ዓሣውም ተስማምቶኛል፤ ከሁሉም በላይ ግን እንቅልፉ።

ይቅርታሽን የምለምንበት ነገር አለ። ከአገራችን ከቀልሃት ልንነሳ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ባሕሩ ዳር ቆመሽ እጅሽን ስታወዛውዢልኝ እኔ አንቺ መስላኝ ለዓሣ ሻጯ ሰላምታ ስመልስ አየሽኝ። ቤት ስገባ "ኸልፋን፣ ዓይንህ ደክሟል። ለአዛዡ ለሙሐና ሳትነግረው መርከብ እንዳትመራ" አልሽኝ። እኔም "አንቺ ድስትሽን ጠብቂ" ብዬሽ ወጣሁ፤ ሳልሰናበትሽም ሄድኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝን ሴት እንዲያ መናገሬ መንገዱን ሁሉ ሲቆረቁረኝ ነበር።

እውነትሽን ነበር። ቅርቡን አያለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የከዳኝ የራቀው ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፣ የሰሜን ኮከብ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ፋኖስ ተበትኖ ይታየኛል። ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩበት ባሕር ነው እያልኩ፣ ሲጠፋብኝ በነፋሱና በልምዴ እገምት ነበር። መሪነቱ ከቀረብኝ ማን እባላለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ነው ነገሩ የወጣው። ከፊታችን ድንጋያቸው በውኃ የተሸፈነ ደሴቶች አሉ፤ በስተሰሜናቸው ማለፍ አለብን። ጀምበር እንደጠለቀች የኮከብ መለኪያዬን አወጣሁ፤ የክሩን ቋጠሮ በጥርሴ ነክሼ በጫፉ የታሰረችውን ትንሽ ሰሌዳ ዘረጋሁ። የሰሌዳው ታች የባሕሩን ጠርዝ፣ ላዩ ኮከቡን መንካት አለበት፤ ያን ጊዜ ጥርስ ላይ ያለው ቋጠሮ የኮከቡን ከፍታ ይናገራል። ከትከሻዬ ኋላ ቱርፋ የምትባል መበለት ነበረች፤ ልጇን ልትጠይቅ ሦስት ዶሮ ይዛ የተሳፈረች።

"ወንድሜ፣ ኮከቡን እኮ ሰሌዳህ ሸፍኖታል። ምኑን ነው የምትለካው?" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ዝም በይ" አልኳት።

"እኔስ ዝም እላለሁ። ድንጋዩ ዝም ይልሃል?"

ሰሌዳውን አወረድኩ። ሙሐና ከመርከበኞቹ ጋር እየበላ ነበር፤ ሄጄ ሁሉም ፊት ነገርኩት። በርገሽ የሚባለው ሸራ ጎታች "ለካ እየዳበሰ ነው ሲመራን የከረመው" አለ። ማንም አልሳቀም።

ሙሐና የጎረሰውን ቀስ ብሎ ዋጠ። "በዚህ ጉዞ ስትገምት ስንት ቀንህ ነው?"

"ሰባት።"

"ታዲያ ዛሬ ምን አናገረህ?"

"ስድሳ ሰው ይዣለሁ። እሷም አየችኝ።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ተከትላኝ ወደመጣችው ወደ ቱርፋ ዞሮ "እናቴ፣ አንቺ ደኅና ታያለሽ?" አላት።

"ዓይንስ አለኝ። የጎደለኝ ጥርስ ነው።"

በቀሩት ሁለት ጥርሶቿ ክሩን ነከሰች። የባሕሩ ጠርዝ ሊጠፋ ትንሽ ነበር የቀረው። "ታቹ ነካ? ላዩስ?" እያልኩ ሰሌዳውን ከፊቷ አራቅኩ። "አሁን" ስትል ጥርሷ ላይ የደረሰውን ቋጠሮ በጣቴ ዳሰስኩት። ኮከቡ እኔ ካልኩት በጣም ዝቅ ብሏል፤ ማለትም የአንድ ቀን መንገድ ያህል ወደ ደቡብ ወርደናል። በቀጥታ ወደ ድንጋዮቹ ነበር የምንሄደው። ወዲያው መርከቡን ወደ ሰሜን አስዞርኩ።

በማግስቱ በርገሽ ምሰሶው ላይ ሆኖ በደቡብ በኩል ማዕበል ከድንጋይ ሲላተም አየ። እኔ አላየሁትም፤ ድምፁ ግን ደረሰኝ። በርገሽ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ከያዘው ተምር ግማሹን መዳፌ ላይ አደረገልኝ። ያኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ከዚያ ወዲህ ቱርፋ ታያለች፣ እኔ አሰላለሁ፤ እንዲህ ሆነን የብስ ደረስን። ከመርከቡ ስትወርድ "ለእህትህ ጻፍላት" አለችኝ፤ ስላንቺ አጫውቻት ነበር።

ለመልሱ ጉዞ ሙሐና ሌላ መሪ ቀጥሯል። ሲነግረኝ የሚያመኝ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዬ ግን ሸክም እንደወረደለት ቀለለኝ። "ተሳፋሪ የሚተኛው የት ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ከፍየሎቹ አጠገብ። መሪውን ደግሞ እንዳትጨቀጭቀው" አለኝ።

ነፋሱ ሲገለበጥ እመጣለሁ። መጥቼም ጉልበትሽን እስማለሁ።

ወንድምሽ ኸልፋን፣
ተሳፋሪው