ሳንደግፍ የተመሰገንንበት ደብዳቤ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14። የጠዋት ሽያጭ፦ ጥቁር ክር አንድ ካርቶን፣ ዚፕ ሦስት ደርዘን፣ የሸሚዝ አዝራር ጥቂት። ገበያው ቀዝቅዟል።

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ፣ እትዬ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ከሌሊት ፈረቃ ወጣ ወይስ አሁንም ቀኑን በእንቅልፍ ይሸኛል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ እናታችንም ከጆሮዋ በቀር የጎደለባት የለም። እሁድ እሁድ በስልኩ ቪዲዮ ከንፈርሽን እያየች ትሰማሻለች፤ ሰኞ ያልሽውን ሁሉ ለጎረቤት ታወራለች፣ ያላልሽውንም ጨምራ።

ይህን የምጽፍልሽ ነገር ስለተምታታብኝ ነው፤ ስጽፈው ይጠራልኝ እንደሆን ብዬ። ምክር ቤቱ ስለ ኢንተርኔት አዲስ ሕግ ሊያወጣ ነው። የሰዎችን መልእክት ለተቆጣጣሪ የማያሳይ መተግበሪያ ሁሉ ይዘጋል ይላል ረቂቁ። እኛ የምንገናኝበትም ከሚዘጉት አንዱ ነው። ልብስ ሰፊዎች የጨርቅ ፎቶ ልከውልኝ ክር የማመሳስልላቸውም በዚያው ነው፤ ለእሱስ መላ አይጠፋም። እናታችን ግን ድምፅሽን ብቻ ብትልኪላት ምን ታደርግበታለች?

የመንገዳችን ነጋዴዎች ተቃውሟችንን ለተወካያችን እንድጽፍ መረጡኝ። "ያንተ ምላስ ቅቤ ነው" አሉ። እኔም እንደ ንግድ ልማዴ ጻፍኩት። ደንበኛን ልትወቅሺ ስታስቢ አስቀድመሽ ታሞግሽዋለሽ፤ አለዚያ ጥሎሽ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ገጽ በሙሉ ተወካያችንን ስለ መንገዱ መብራት፣ ስለ ቅንነታቸው፣ ልጆቻችንን ከክፉ ለመጠበቅ ስላላቸው አሳብ አመሰገንኩበት። "ይሁን እንጂ" ያልኩት ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ነው። ሁሉም ፈረሙ፤ በዛ ያለኝ የለም።

መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ። "ለሕጉ ስለሰጡት ድጋፍ ከልብ እናመሰግናለን" ይላል። ይባስ ብሎ ተወካያችን በአዳራሽ ስብሰባ የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው፣ "ይኸው፣ ነጋዴውም ከእኛ ጋር ነው" ሲሉ ተጨበጨበላቸው። መቀስ የምንለው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሙሾ አውርድልን ብለን ብንልክህ ሙሽራ አሞግሰህ መጣህ!" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ተወካያችን ቢሮ ደወልኩ። ጸሐፊዋ ትሁት ናት፤ "ደብዳቤዎ እንዴት ያምራል! ከደጋፊዎቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ" አለችኝ። ሁለተኛው ገጽ ተነቧል ወይ ስላት፣ "እኛ ጋ ሁሉም ይነበባል" አለች። እንግዲህ ምን ልበል? ሳይገልጡት ቀርተው ነው? ገልጠውት የሚበጃቸውን ብቻ ቆርጠው ነው? ወይስ የእኔ ማር በዝቶ ነው መድኃኒቱ የጠፋው? ገዢ በር ላይ ሲቆም ይገዛ አይገዛ የምለየው ሰውዬ፣ ይህን መለየት አቃተኝ። ምክር ቤቱ በሕጉ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ነው።

ዛሬ ቁርስ ላይ ነገሩን ጽፌ ለእናታችን አሳየኋት። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብላ፣ "ልጄን የምሰማት በዓይኔ ነው። አትዝጉብኝ።" ብላ ጻፈች። ሰላምታ ቢጤ ከላይ ልጨምርበት ብል በመዳፏ ሸፈነችው። "ተወው! ያንተን ሰላምታ አየነው" አለችኝ። ሱቅ ሳመጣው መቀስም አነበበው፤ እስክሪብቶዬን ተቀብሎም ከሥሩ ፈረመ። ይበቃ ይሆን? እኔ እንጃ፣ እትዬ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቁን ልጅ እናቱን ያግዝ በይው፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴና ልጆቼ እጅ ነስተዋል። እናታችን ደግሞ፣ "እሁድ ስትደውል መብራቱን ፊቷ ላይ ታድርገው" ብላለች።

ወንድምሽ፣ ከሱቁ ባንኮኒ ላይ።

ነገ፦ ሱቅ ሳይከፈት እናታችንን ይዤ ወደ ተወካዩ ቢሮ። ስመለስ ግራጫ ክር ማምጣት፤ አልቋል።