ሰዓዳን የገደላት ባክቴሪያ

ማክሰኞ

ስሟን አልሰረዙትም። ግብዣው ዛሬ መጣ፤ «ለማርታ እና ለሰዓዳ» ይላል። ያኔ አብረን ነበር ያመለከትነው። ቅዳሜ ትልልቅ ሽልማት ያገኙ የሳይንስ ሥራዎች ይከበራሉ፤ ከሰዓት ደግሞ እኛ ጀማሪ ተመራማሪዎች ከተሸላሚዎቹ ጋር ጠረጴዛ ከብበን እንጫወታለን። በእኛ ጠረጴዛ የምትቀመጠው የውጭ አገር ፕሮፌሰር የተሸለመችው መድኃኒት የማይበግራቸውን ባክቴሪያዎች አጥንታ ነው። እኔና ሰዓዳም የምናጠናው እነሱኑ ነው።

ሰዓዳ ክረምት ሲገባ ሞተች። የገደላት መድኃኒት ያልበገረው ባክቴሪያ ነው።

ረቡዕ

የለቡ ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዬን አጠገቤ፣ ሰዓዳ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀምጬ ሳለ ረዳቱ «እህት፣ ሰው አለው?» አለኝ። «አዎ፣ አለው» አልኩት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ሌላ ሰው ሊቀመጥ ሲል ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሰዓዳ ጋዋን እንደተሰቀለ ነው። ማንም አያነሳውም። ጀርባዬን ሰጥቼው ስሠራ የሚያየኝ ይመስለኛል። ዛሬ አንገቴ ላይ ትንፋሽ ተሰምቶኝ ዞርኩ። ማንም የለም።

ለማንም ያልተናገርኩት ይኸው፦ ባክቴሪያው ከኛው ቤተ ሙከራ ይዟት ቢሆንስ? ጓንት እናደርጋለን፣ እንታጠባለን፣ እንጠነቀቃለን። ግን ቢሆንስ?

ሐሙስ

ፉሪ፣ እናቷ ጋ ሄድኩ። የሰዓዳ ስም ግብዣው ላይ እንዳለ ነገርኳቸው። እማማ ዘይነባ «እኔ ልምጣላት?» አሉኝ።

ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ይሰለችዎታል አልኳቸው።

«ልጄ ጠዋት ወጥታ ሲመሽ የምትገባበት ነገር አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከቤተ ሙከራችን ይዟት እንደሆነ ፕሮፌሰሯን ለብቻዬ ልጠይቃት ነበር ያሰብኩት። አሁን እናቷ ፊት እንዴት ብዬ?

ዓርብ

ምሳ በልቼ ሸለብ ሲያደርገኝ ሰዓዳን በህልሜ አየኋት። ገንዳው ጋ ቆማ እጇን ትታጠባለች። «ይበቃል፣ ነይ» እላታለሁ፤ አትዞርም። ውሃው አይቆምም።

ለነገ የማስበው ስለ ትምህርት ዕድል መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ቀን ሁለቴ አይገኝም። ቀሚሴን ተኩሻለሁ። ሌላ ምንም አላዘጋጀሁም።

ቅዳሜ

በሩ ላይ ሁለት ባጅ ሰጡን። እማማ ዘይነባ የሰዓዳን ስም አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

ጭብጨባው፣ ፎቶው፣ ንግግሩ አለፈ። ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ሌሎቹ ልጆች ስለ ሥራቸው ጠየቁ። የኔ ተራ ደረሰ። እማማ ክንዴን ነካ አድርገው «በያቸው፣ የልጄ ሥራ ምን ይጠቅም ነበር?» አሉኝ።

ተረጎምኩ። ፕሮፌሰሯ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው መጣች። «ሐኪም የቱ መድኃኒት እንደሚሠራ ካላወቀ ይገምታል» አለች። «ልጅዎ የምትሠራው እንዳይገምት ነበር።»

«እንግዲህ ለሷም ገምተው ነው» አሉ እማማ በቀስታ። ይህን መተርጎም አቃተኝ።

ቀጠሉ፦ «የሞተችው ሥራዋ ላይ ይዟት እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ለካ እሳቸውም ይህን ሁሉ ጊዜ ይዘውት ኖረዋል! ተረጎምኩላቸው። ፕሮፌሰሯ አላባበለችንም። «አላውቅም። ግን ማወቅ ይቻላል» አለች። ሆስፒታሉ ከደሟ ያገኘውን ባክቴሪያ አስቀምጦት ከሆነ፣ ዲኤንኤውን ከቤተ ሙከራችን ባክቴሪያ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ከአንድ ቦታ የወጡ ባክቴሪያዎች እንደ አንድ ቤት ልጆች ይመሳሰላሉ። ቤተሰብ ከፈቀደ አብራኝ ትሠራለች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ «ውጤቱን ልትሰሚው ትችያለሽ?»

እማማ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«እኔ እችላለሁ» አሉ። «አንቺስ?»

እችላለሁ አልኩ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም።

ሰኞ

እማማ ፈቃዳቸውን ሰጥተው አብረን ሆስፒታል ሄድን። የላቦራቶሪው ኃላፊ ገብቶ ቆየ። እንዳይገኝ ተመኘሁ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ እንዲገኝ ተመኘሁ። ወጥቶ «አለ፣ ፍሪዘር ውስጥ ነው» አለን።

ለፕሮፌሰሯ ጻፍኩላት፤ ናሙናውን ላኪው አለችኝ።

አሁን መጠበቅ ነው። ጋዋኑ ጋ ስደርስ ዛሬም ዓይኔን ሰበርኩ። ከኛ ከሆነ ምን እላለሁ? ካልሆነስ ይለቀኛል?

ስንለያይ እማማ ዘይነባ ትከሻዬን ይዘው «ውጤቱ ምንም ይሁን፣ በስልክ እንዳትነግሪኝ» አሉኝ። «ቤት ነይ። ገብተሽ፣ ቁጭ ብለሽ ንገሪኝ።»

ኢንሻአላህ አልኳቸው፣ ሰዓዳ እንደምትለው።